ነጠላ፣ ጥንድ ወይስ አይስ ዳንስ? ወደ ጥንድ ስኬቲንግ ከመግባት በፊት ምን ይመዘናል

ፊገር ስኬቲንግ፣ ማለትም በበረዶ ላይ በሙዚቃ እየዘለሉና እየተሽከረከሩ መንሸራተት፣ የምትሠለጥነው ልጅ 14 ዓመቷ ነው። ደብል አክስል ከአሥር ሙከራ ስድስቱን በእግሯ ታርፋለች። ትሪፕል ሳልካው አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል፤ ትሪፕል ሉትዝ ግን የሕልም እንጀራ ነው። (አክስል፣ ሳልካውና ሉትዝ የዝላይ ዓይነቶች ናቸው፤ ደብልና ትሪፕል የዙሩ ብዛት ነው።) አሰልጣኟ ከልምምድ በኋላ ወላጆቿን ጠርቶ «ጥንድ ብትሞክርስ?» ይላቸዋል። በሰሜን አሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የብዙ ጥንድ ስኬተሮች ሙያ የሚጀምረው በዚህች ጥያቄ ነው። ወላጅም ቤቱ ገብቶ «ብቻዋን አልሆነላትም ማለት ነው?» እያለ ሲብሰለሰል ያድራል።

እንደዚያ አይደለም፤ ጥንድ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አብረው የሚንሸራተቱበት፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ግን ከነጠላው በአንድ ነገር በጣም ይለያል። ነጠላ ስኬተር ስፖርቱን ይመርጣል፤ ጥንድ የሚገባ መጀመሪያ የሚመርጠው ሰው ነው። ከተማው፣ አሰልጣኙ፣ ወጪው፣ አንዳንዴም ፓስፖርቱ ከዚያ ሰው ጋር ተያይዘው ይመጣሉ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ይህን ይዞ ነው የሚሄደው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱ መንገዶች በበረዶው ላይ

ነጠላ በጣም የተጨናነቀው ነው። በሴቶች ውድድር ከፍ ወዳለው ደረጃ ለመድረስ ትሪፕል ሉትዝና ትሪፕል ፍሊፕ፣ ከዚያም ትሪፕል ከትሪፕል ጋር የተቀጠለ ዝላይ ያስፈልጋል። ጥሩ ጎኑ ነጻነቱ ነው፤ ሌላው ሰው ስለታመመ ልምምድ አይቀርም፣ አሰልጣኝ ለመቀየርም የማንም ፈቃድ አይጠየቅም።

ጥንድ ላይ ውድድሩ ሁለት ፕሮግራም አለው፤ አጭሩ ፕሮግራም 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ ነጻው 4 ደቂቃ ነው፤ በሁለቱም 10 ሰከንድ መብለጥ ወይም ማነስ ይፈቀዳል። በነጻው ፕሮግራም እስከ ሦስት ሊፍት (ወንዱ አጋሩን ከራሱ በላይ የሚያነሳበት)፣ ሁለት የውርወራ ዝላይ፣ አንድ ትዊስት፣ አንድ ዴዝ ስፓይራል፣ ጎን ለጎን የሚዘለሉ ዝላዮችና የጥንድ ሽክርክሪት ይገባሉ። ከላይ ለተነሳችው ልጅ ዋናው ነገር የጎን ለጎን ዝላዮቹ ናቸው። በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ ያሉ ብዙ ጥንዶች የሚዘሉት ትሪፕል ቶ ሉፕና ትሪፕል ሳልካው ነው። ትሪፕል ሳልካውና ደብል አክስል ያላት ልጅ በነጠላ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በጥንድ ግን ሁለቱን አስተማማኝ ካደረገቻቸው ተፈላጊ ናት።

አይስ ዳንስ ከሩቅ ሲያዩት ከጥንድ ጋር ይመሳሰላል፤ በሕግ ግን የተለየ ነው። አንሺው እጁን ከራሱ በላይ አድርጎ አጋሩን ማንሳት አይችልም፤ አጭር ሊፍት 7 ሰከንድ፣ የተቀጠለ ሊፍት 12 ሰከንድ ነው ገደቡ። ውርወራ የለም፣ ትሪፕል ዝላይ የለም። ነጥቡ ያለው በስለቱ ጠርዝ አያያዝ፣ በእርምጃ ቅደም ተከተል፣ በአንድ እግር እየተሽከረከሩ በሚጓዙበት ትዊዝል እና በሙዚቃው ምት ላይ ነው። ዝላይ የምትፈራ፣ ጉልበቷ ለስላሳ የሆነ፣ ሙዚቃ የምትሰማ ልጅ ቦታዋ እዚህ ነው። ጫማውም ይለያል፤ የዳንስ ስለት ከተረከዙ በኋላ ያለው ጅራት አጭር ነው፣ ተጠጋግተው ሲሄዱ የአጋሩን እንዳይረግጥ። የጥንድ ስኬተሮች የሚጫሙት እንደ ነጠላው የዝላይ ስለት ነው።

ከቁጥር አንጻር እንመልከተው። በ2022 የቤይጂንግ ኦሎምፒክ ቦታው በነጠላ 30 ሴቶችና 30 ወንዶች፣ በአይስ ዳንስ 23 ጥንድ፣ በጥንድ ደግሞ 19 ብቻ ነበር። ቦታው ጠባብ ነው፤ ግን ለእሱ የሚሽቀዳደመው ሰውም ከነጠላው በእጅጉ ያነሰ ነው። በብሔራዊ ደረጃ የተወዳዳሪው ዝርዝር የሚሞላው ነጠላ ላይ ነው፤ ጥንድ ላይ በአንዳንድ አገር የጁኒየር ሻምፒዮና ጥቂት ተወዳዳሪ ብቻ የሚቀርብበት ጊዜ አለ።

ሲንክሮናይዝድ የሚባለውም አለ፤ 16 ሰው በአንድ ቡድን የሚንሸራተትበት። ኦሎምፒክ ውስጥ ግን የለም። ስለ ትምህርት ስናወራ እንመለስበታለን።

አንድ ውርወራ በቅርብ

ጥንድን ከሩቅ አይቶ መምረጥ ስህተት ነው፤ ስለዚህ አንዱን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። ውርወራ የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የውርወራ ሳልካው ላይ ልጅቷ በግራ እግሯ የውስጥ ጠርዝ ወደ ኋላ እየሄደች ራሷ ትዘላለች፤ እሱ የሚጨምርላት ከፍታና ርቀት ነው። ሁለቱም ጉልበታቸውን በአንድ ጊዜ ማጠፍና በአንድ ጊዜ መዘርጋት አለባቸው። እሱ ከቀደመ፣ ገና ያልተነሳ አካል ስለሚገፋ ልጅቷ አየር ላይ ዘንበል ትላለች። እሱ ከዘገየ ትከሻዋን ወደ ኋላ ይጎትትና ሽክርክሪቱን ሳትጨርስ ትከፈታለች። ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ከገፋት ደግሞ ርቀቱ ያምራል፣ ከፍታው ግን አይበቃም። በቪዲዮ ላይ መታየት ያለበት የእሱ ክንድ አይደለም፤ የሁለቱ ጉልበት ነው።

የምታርፈው በቀኝ እግሯ የውጭ ጠርዝ ላይ፣ ብቻዋን ስትዘል ከምትደርስበት ከፍ ካለ ቦታ ነው። ቁርጭምጭሚትና ዳሌ የሚከፍሉት እዚህ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦ መጀመሪያ መሬት ላይ፣ ቀጥሎ ነጠላ ዙር በበረዶ ላይ፣ ነጠላው ተደጋግሞ ንጹሕ ሲሆን ደብል፣ ትሪፕል በመጨረሻ። ዳሌና ጅራት አጥንት ላይ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ መልበስ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በሳምንት ስንት ውርወራ እንደተሠራ መመዝገብም ያስፈልጋል፤ የእግር አጥንት ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ክፉ መውደቅ ሳይሆን ከተደራረበ ማረፍ ነው።

ትዊስት ላይ እሱ ወደ ላይ ይወረውራታል፣ አየር ላይ ትሽከረከራለች፣ በረዶውን ሳትነካ ወገቧን ይይዛል። ክንዷን በጊዜ ካልከፈተች ክርኗ የሚያርፈው አፍንጫው ወይም ከንፈሩ ላይ ነው። ዴዝ ስፓይራል ላይ እሱ የስለቱን የፊት ጥርስ በረዶ ላይ ተክሎ እንደ ምሰሶ ይዞራል፤ እሷ በአንድ ጠርዝ ላይ ሆና ራሷ በረዶውን ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ ብላ ትዞራለች። አራት ዓይነት አለው፤ ጀማሪ በውስጥ ጠርዝ ከሚሠሩት ይጀምራል።

ሊፍት ላይ ወላጆች የሚጠይቁት «ልጁ ጉልበት አለው ወይ?» ነው። የሚሻለው ጥያቄ «እግሩ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። ከራሱ በላይ ሰው ይዞ እየተሽከረከረ የሚሄድ ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው ክንዱ ስለደከመ ሳይሆን ጠርዙ ወይም የስለቱ ጥርስ ስለያዘው ነው። በ2004 በፒትስበርግ በተካሄደው ስኬት አሜሪካ በተባለው ውድድር ሩሲያዊው ማክሲም ማሪኒን በሊፍት መሐል እግሩ ከድቶት አጋሩ ታቲያና ቶትሚያኒና በጭንቅላቷ በረዶው ላይ ወድቃ ነበር። በ2006 ቱሪን ላይ ሁለቱ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኙ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ማበረታቻ ይነገራል፤ እኛ የምናነሳው ግን የጥንድ ልምምድ የሚጀመረው በእግር ሥራ እንጂ በክንድ ሥራ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

አደጋው፣ ሳይሸፋፈን

በነጠላ የሚጎዳው የሚዘለው ሰው ነው። በጥንድ የአንዱ ስህተት የሌላው ቁስል ነው። ለሴቷ የጭንቅላት መናወጥ፣ የእግር አጥንት ስንጥቅና የዳሌ መገጣጠሚያ ጉዳት፣ ለወንዱ ትከሻ፣ የታችኛው ጀርባና የእጅ አንጓ ናቸው የሚዘወተሩት። ቀላል የሚመስለው የጎን ለጎን ሽክርክሪት እንኳ አደጋ አለው። በ2007 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ካናዳዊቷ ጄሲካ ዱቤ ፊቷን በአጋሯ ስለት የተቆረጠችው ካሜል ስፒን (አንድ እግር ወደ ኋላ ተዘርግቶ የሚሠራ ሽክርክሪት) ሲሠሩ በጣም ስለተጠጋጉ ነው። መካከላቸው ያለው ርቀት ከጠበበ አሰልጣኙ «ተጠንቀቁ» ብቻ ማለት የለበትም፤ ሥራውን አስቁሞ መግቢያውን መቀየር አለበት።

ጭንቅላት ከተመታ በዚያ ቀን ወደ በረዶ መመለስ የለም፤ «ደህና ነኝ» ማለቷም አይበቃም፣ የሚመልሳት ሐኪም ነው። ሌላው አደጋ ልጅቷን «ቀለል በይለት»፣ ማለትም ክብደት ቀንሺ፣ የሚል አሰልጣኝ ነው። የሊፍት ችግር የሚፈታው ልጁን በማጠንከርና የእሷን ግፊት በማስተካከል ነው፤ ልጅቷን በማስራብ አይደለም። የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው፤ አጥንቷ ከውርወራው በፊት መብላት አለበት።

አካልና ዕድሜ

በጥንድ የሚዘወተረው የቁመት ልዩነት ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ነው፤ በዳንስ ያነሰ ይበቃል፣ እንዲያውም ተቀራራቢ ቁመት መስመሩን ያሳምረዋል። 12 ዓመቷ ላይ የተጣመረች ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ልታድግ ስለምትችል፣ ዛሬ የሚመጥነው አጋር ነገ ላይመጥን ይችላል። ከማስገደድ ይልቅ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ከ2024–25 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የሲኒየር ውድድር ለመሳተፍ የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት፣ ማለትም እስከ ጁላይ 1፣ 17 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ቀድሞ 15 ነበር። ጁኒየር የሚጀመረው በ13 ነው። የ14 ዓመቷ ልጅ እንግዲህ ሦስት ዓመት አላት፤ ትሪፕል ውርወራ በዚህ ክረምት ካልተማረች ባቡሩ ያመልጣታል የሚል አሰልጣኝ ካለ ሕጉን አላነበበም ማለት ነው።

ለወንድ ልጅ ጥንድ ለዘገየ ሰው በሩ ክፍት የሆነበት ነው። ጃፓናዊው ሪዩይቺ ኪሃራ በነጠላ ሲወዳደር ቆይቶ ወደ ጥንድ የመጣው በ2013፣ ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ በ2023ና በ2025 ከሪኩ ሚዩራ ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ለሴትም ዘግይቶ መግባት ተችሎ ታይቷል፦ ዲያና ስቴላቶ-ዱዴክ በ2000 በነጠላ የጁኒየር ዓለም ሻምፒዮና ብር አግኝታ፣ በጉዳት 16 ዓመት ያህል ከስፖርቱ ርቃ፣ ተመልሳ ከማክሲም ዴሻን ጋር በ2024 ሞንትሪያል ላይ በ40 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ወስዳለች። ይህን በዕቅድ ውስጥ ማስገባት ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

«እኛን የሚመስል አለ ወይ?» ለሚለው፦ አባቱ ታንዛኒያዊ የሆነው ጀርመናዊ ሮቢን ሾልኮቪ ከአልዮና ሳቭቼንኮ ጋር አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ ቫኔሳ ጄምስና ያኒክ ቦኖር ለፈረንሳይ ተወዳድረው በኦሎምፒክ የተሳተፉ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ጥንድ ሆነዋል።

አጋር፦ ያለውን መያዝ ወይስ መጠበቅ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው። ወንድ ስኬተር ጥቂት ነው፤ ጥንድ የሚፈልግ ወንድ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ሴቷ ትጠብቃለች፣ ወንዱ ይመርጣል። ይህ ሚዛን ገንዘብ ላይም ይታያል፤ የሴቷ ቤተሰብ የልጁን የአሰልጣኝ ክፍያ፣ አንዳንዴም መኖሪያውን የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። የተደበቀ ነገር አይደለም፣ ግን በጽሑፍ ካልሆነ መጨረሻው ጠብ ነው።

አጋር መለዋወጥ የተለመደ መሆኑን ከሁለት ሰው እንይ። ኪሃራ እስከ 2022 ድረስ ሦስት ኦሎምፒክ ከሦስት አጋር ጋር ሄዷል፦ ሶቺ 2014 ከናሩሚ ታካሃሺ፣ ፒዮንግቻንግ 2018 ከሚዩ ሱዛኪ፣ ቤይጂንግ 2022 ከሚዩራ ጋር። እስራኤላዊው ኢቭጌኒ ክራስኖፖልስኪም በእነዚያው ሦስት ኦሎምፒኮች ከአንድሬያ ዳቪዶቪች፣ ከፔጅ ኮነርስና ከሄይሊ ኮፕስ ጋር ተወዳድሯል። ወንዱ ይቀጥላል፤ ሴቷ ግን አጋሯ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ትነሳለች። ስለዚህ ሴት ልጅ ጥንድ ስትጀምር የነጠላ ልምምዷንና የደረጃ ፈተናዎቿን እንዳትጥል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ለዚች ልጅ ይመስላል።

ፍለጋው በአሰልጣኞች ትውውቅና አይስ ፓርትነር ሰርች በሚባለው ድረ ገጽ ይደረጋል። የሚላከው ቪዲዮ ያማረ ፕሮግራም ብቻ መሆን የለበትም፤ ከጎን የተቀረጸ ተራ መንሸራተት፣ በሁለቱም አቅጣጫ ክሮስኦቨር (እግር እያሻገሩ መንሸራተት)፣ ሁሉም ዝላዮች ከነውድቀታቸው፣ እውነተኛ ቁመት በባዶ እግር። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ወዴት ትሽከረከራላችሁ ነው። አብዛኛው ሰው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል፤ አንዱ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ የጎን ለጎን ዝላዩም፣ ውርወራውም፣ የጥንድ ሽክርክሪቱም እንደገና መታሰብ አለበት። ሰው ለሙከራ በአውሮፕላን ከመጣ በኋላ ይህን ማወቅ የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ይሆናል።

ሙከራው ሦስት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሊፍት አይሞከርም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ይዙሩ፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል ወይስ ግፊታቸው አብሮ ይወጣል? ጉልበታቸው አብሮ ይታጠፋል? ይህ ካልተገጣጠመ የቀረው አይገጣጠምም፤ ከተገጣጠመ ሌላው ይማራል። በሁለተኛው ቀን መሬት ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ የብብትና የወገብ ሊፍት፣ ከዚያ በረዶ ላይ አሰልጣኝ አጠገባቸው ቆሞ ያንኑ፣ ምናልባትም አንድ ነጠላ ውርወራ። በሦስተኛው ቀን ሲደክማቸው ያው ይደገም። ያኔ የሚታየው ቴክኒክ ሳይሆን ጠባይ ነው፦ ስትወድቅ እጁን ይዘረጋል ወይስ ወደ አሰልጣኙ ዞሮ ትከሻውን ይሰብቃል? እሱ ሲሳሳት ትቆጣለች ወይስ ትጠይቃለች? እኛ ብንጠየቅ ጥሩ ጠባይና ደብል አክስል ያለውን፣ ትሪፕል ካለው ኩርፊያም እናስቀድማለን። ዝላይ በሁለት ዓመት ይጨመራል፣ ኩርፊያ ግን ሲያድግ ነው የሚታየው።

ከተስማሙ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ይያዝ፣ ውልም ይጻፍ። ውሉ ላይ የማይቀሩት፦ አሰልጣኙን፣ የኮሪዮግራፊውን፣ የልብሱንና የጉዞውን ወጪ ማን ስንት እንደሚከፍል፤ አንዱ ሲጎዳ የሌላው ክፍያ እንዴት እንደሚቀጥል፤ ለመለያየት ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር፤ ከተለያዩ በኋላ ፕሮግራሙና ሙዚቃው የማን እንደሚሆን። የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ሲያጣላ ግን ይታያል።

ሌላም አለ። ጥንድ ማለት አካል መንካት ነው፤ ብዙ ጊዜም ወንዱ በዕድሜ ይበልጣል። በአሜሪካ በ2017 ሥራ የጀመረው የሴፍስፖርት ማዕከል ሕግ አዋቂና አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በሌላ ሰው የሚታይና የሚቋረጥ መሆን አለበት ይላል። መኪና፣ ሆቴል፣ የመልእክት ልውውጥ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ልምምድ ወላጅ እንዳይመለከት የሚከለክል ክለብ ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ፓስፖርቱ

በዓለም ሻምፒዮና ከሁለቱ አንዱ የሚወክሉት አገር ዜጋ ከሆነ ይበቃል። በኦሎምፒክ ግን ሁለቱም ዜጋ መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ስንት ሕልም እንደበላ የጃፓን ታሪክ ይመሰክራል፦ ናሩሚ ታካሃሺና ካናዳዊው መርቪን ትራን በ2012 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አግኝተው ሳለ ትራን የጃፓን ዜግነት ማግኘት ስላልቻለ ወደ ሶቺ የሚወስድ መንገድ አልነበራቸውም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተለያዩ።

ለሌላ አገር የተወዳደረ ሰው ደግሞ አገር ሲቀይር ከቀድሞው ፌዴሬሽን መልቀቂያ ማምጣትና 12 ወር መጠበቅ አለበት። ዩክሬን የተወለደችው ሳቭቼንኮ ከሾልኮቪ በኋላ ከፈረንሳዊው ብሩኖ ማሶ ጋር ስትጣመር መልቀቂያው ስለዘገየ የ2014–15 የውድድር ዘመን ያለ ውድድር አለፈባቸው። ማሶ ዜግነት ያገኘው በ2017 መጨረሻ፣ የጀርመንኛ ፈተና አልፎ፣ ኦሎምፒኩ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ፒዮንግቻንግ ላይ ከአጭሩ ፕሮግራም በኋላ አራተኛ ነበሩ፤ በነጻው 159.31 ነጥብ አምጥተው ወርቁን ወሰዱ።

ስለዚህ ሁለት አጋር ለምርጫ ከቀረቡ፣ አንዱ በችሎታ ትንሽ ዝቅ ያለ ግን የዚያው አገር ዜጋ፣ ሌላው የተሻለ ግን የውጭ አገር ሰው ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚታየው የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንጂ አሰልጣኝ አይደለም። ልጃችሁ ገና ግሪን ካርድ ላይ ከሆነችም ስሌቱ ያው ነው፤ ዜግነቷ የሚደርስበትን ዓመት ከኦሎምፒኩ ዓመት ጋር አስተያዩት።

ገንዘቡ

ጥንድ በግማሽ ዋጋ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። የአሰልጣኝ ሰዓት ለሁለት መካፈሉ እውነት ነው። ግን የጥንድ ሰዓት ላይ የራሷ የዝላይ ሰዓት፣ የመሬት ላይ የሊፍት ልምምድ፣ የጂም ሰዓትና ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ መዛወር ይጨመራሉ። የጥንድ አሰልጣኝ በየበረዶ ሜዳው አይገኝም። ሚዩራና ኪሃራ ጃፓናዊ ሆነው የሠለጠኑት ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ኦክቪል ላይ፣ ብሩኖ ማርኮት ዘንድ ነው። በልክ የተሠራ ጫማና ጥሩ ስለት አንድ ላይ ከ1,500 ዶላር ሲያልፉ አይገርምም፤ የምታድግ ልጅ ደግሞ በየዓመቱ ትቀይራለች።

ሽልማቱ ወጪውን አይመልስም። የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ለብዙ ዓመታት በነጠላ 64,000 ዶላር፣ ለጥንድ ደግሞ 90,000 ዶላር ለሁለቱ ነበር። ሲካፈሉት እያንዳንዳቸው 45,000፤ ያውም የዓለም አንደኛ ሆነው።

«ስኮላርሺፕ ያስገኛል ወይ?» በቤታችን የማይቀር ጥያቄ ነው። ፊገር ስኬቲንግ የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በሚመራው ማኅበር፣ በኤንሲኤኤ፣ ሥር ያለ ስፖርት አይደለም፤ እንደ ቅርጫት ኳስ ወይም እንደ ሩጫ የስፖርት ስኮላርሺፕ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ጠንካራ ቦታ ያለው ሲንክሮናይዝድ ነው፤ ኦሃዮ የሚገኘው የማያሚ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ይታወቃል። ትምህርቷን ከስኬቲንግ ጋር ማስኬድ የምትፈልግ፣ ኦሎምፒክ ዋና ግቧ ያልሆነ ልጅ ካለች፣ ከጥንድ ይልቅ ይህን እንድትመለከት እንመክራለን።

ከውድድር በኋላ

እዚህ ላይ ጥንድ ከነጠላ ይሻላል። በትርኢት ዓለም አዳጅዮ የሚባለው የጥንድ ትዕይንት ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ ተመልካቹ ትሪፕል ቶ ሉፕን ከትሪፕል ሳልካው አይለይም፣ ሰው ከራስ በላይ ሲነሳ ግን ይገባዋል። በውድድር የተከለከለው፣ ልጅቷን በእግሯ ይዞ ራሷን ወደ በረዶው እያስጠጉ የሚያዞሩበት ሥራ እንኳ እዚያ የምሽቱ ጭብጨባ ነው። ከ1943 ጀምሮ ያለው ሆሊዴይ ኦን አይስ፣ ከ1981 የጀመረው ዲዝኒ ኦን አይስና የበረዶ ሜዳ ያላቸው መርከቦች ዋና ቀጣሪዎች ናቸው። በመርከብ ላይ የመጀመሪያው የበረዶ ሜዳ በ1999 ቮየጀር ኦፍ ዘ ሲዝ ላይ ተከፈተ። ሜዳው ከውድድሩ 60 በ30 ሜትር እጅግ ያነሰ ነው፣ ወለሉም ከባሕሩ ጋር ይወዛወዛል፤ ትላልቅ ውርወራዎች ይተዉና የሚሠሩት ሊፍቱና ሽክርክሪቱ ይሆናሉ።

ማሠልጠን ሁለተኛው መንገድ ነው። የጥንድ አሰልጣኝ ጥቂት ስለሆነ ሊፍትን በደህና ማስተማር የሚችል ሰው ሥራ አያጣም፤ ሾልኮቪም ውድድር ሲያቆም ወደዚያው ነው የዞረው። ሦስተኛው በውድድር ላይ የተሠራውን ሥራ ለይቶ የሚመዘግበው የቴክኒክ ፓነል ነው፤ ክፍያው መተዳደሪያ አይሆንም፣ ግን ከሕጉ ለውጥ ጋር ያቆያል።

የትርኢት ውል ሲፈረም ስለ ደሞዝና ስለ መኝታ ክፍል ብዙ ይጠየቃል። ሳይጠየቅ የሚቀረው «አጋሬ ቢጎዳ የእኔ ደሞዝ ይቀጥላል ወይ? በሌላ ሰው ልታጣምሩኝ ትችላላችሁ ወይ? ከማላውቀው ሰው ጋር ለመነሳት ስንት የልምምድ ቀን ይሰጠኛል?» የሚለው ነው። ሦስቱም መልስ በጽሑፍ ካልመጣ አይፈረምም።